«ለምን አልጠራችሁንም?» ጌዴዎንና ዮፍታሔ ለአንድ ቅሬታ የሰጡት መልስ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መጽሐፈ መሳፍንት አንድን ቅሬታ ሁለት ጊዜ ያስነብበናል። ባለ ቅሬታው ያው የኤፍሬም ነገድ ነው፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ ወደ ጦርነት ስትሄድ ለምን አልጠራኸንም? በምዕራፍ 8 ጥያቄው እስራኤልን ከምድያም እጅ ላዳነው መስፍን ለጌዴዎን ቀረበ፣ በምዕራፍ 12 ደግሞ አሞንን ድል ላደረገው መስፍን ለዮፍታሔ። የመጀመሪያው በጥቂት ቃላት በረደ። ሁለተኛው 42,000 ኤፍሬማውያን ያለቁበት የወንድማማቾች ጦርነት ሆነ።

ኤፍሬማውያንን ምን ነካቸው? ወደ ጦር ሜዳ ሳይጠራ የቀረ ሰው እፎይ ይላል እንጂ አይቆጣም። የእነዚህ ቁጣ ግን ሥር አለው። በዘፍጥረት 48 ያዕቆብ እጆቹን አስተላልፎ ቀኙን በታናሹ በኤፍሬም ራስ ላይ አኑሮ ከታላቁ ከምናሴ አስቀድሞታል። ሕዝቡን ወደ ተስፋይቱ ምድር ያስገባው ኢያሱም ከዚሁ ነገድ ነበር። ይህን ክብር የለመደ ወገን አሁን አዳኙ ጌዴዎን ከምናሴ ሲነሣ አየ፤ ያውም ወገኑ የተጠቃ፣ እርሱም በአባቱ ቤት ከሁሉ ታናሽ እንደ ሆነ በራሱ አፍ ከተናገረ ሰው ቤት። አፋቸው ስለ ጦርነት ይናገራል፤ ልባቸው ግን «እኛ ከሰው አንቆጠርም ማለት ነው?» ይላል።

ጌዴዎን የመለሰው ለልባቸው ነው። እናንተ ካደረጋችሁት ጋር ሲተያይ እኔ ምን አደረግሁ? የኤፍሬም የወይን ቃርሚያ ከአቢዔዝር መከር አይሻልምን? አላቸው። አቢዔዝር የራሱ ወገን ነው። ቀጥሎም እግዚአብሔር የምድያምን መኳንንት ሔሬብንና ዜብን በእጃቸው አሳልፎ እንደ ሰጣቸው አስታወሳቸው። ሽንገላ እንዳይመስላችሁ፤ መኳንንቱን ይዘው የገደሏቸው ኤፍሬማውያን መሆናቸው በምዕራፍ 7 መጨረሻ ተጽፏል። ጌዴዎን ሐሰት አልጨመረም፤ ከእውነቱ መካከል የተከፋውን የሚያጽናናውን መርጦ አነሣ። እርሱና 300ዎቹ ሰዎቹ ደክመው፣ የምድያምም ነገሥታት ገና ሳይያዙ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም።

ወደ ዮፍታሔ ስንመጣ፣ እርሱም የሚናገረው አላጣም። ጠራኋችሁ፣ አላዳናችሁኝም፣ ነፍሴን በእጄ አድርጌ ተሻገርሁ አላቸው። መጽሐፉም አላስተባበለውም። እርግጥ ነው፣ ወደ እርሱ የመጡት ቤትህን በላይህ እናቃጥላለን እያሉ ነበር። ቢሆንም ይህ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአሞን ንጉሥ ሁለት ጊዜ መልእክተኞች ልኮ፣ የ300 ዓመት ታሪክ እየጠቀሰ ነገሩን በንግግር ለመጨረስ የሞከረ ታጋሽ ነው። ለባዕድ ንጉሥ የነበረው ትዕግሥት ለወንድሞቹ ለምን አለቀ?

የዮፍታሔን የልጅነት ታሪክ አንብቡ። የሌላ ሴት ልጅ ነህ፣ በአባታችን ቤት አትወርስም ብለው የገዛ ወንድሞቹ አባረሩት፤ በጦብ ምድር ተሰድዶ ኖረ። የአገሩ የገለዓድ ሽማግሌዎች ሲጨንቃቸው ሊጠሩት ቢሄዱ መጀመሪያ ያነሣባቸው ጠልተው ማባረራቸውን ነው። ኤፍሬማውያን ደግሞ ገለዓዳውያንን ከኤፍሬም የሸሻችሁ ስደተኞች ብለው ሰደቧቸው። ስድቡ ለሕዝቡ ነበር፤ ያረፈው ግን በዮፍታሔ ቁስል ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በፊት ያለው ክፍል ደግሞ በድል ሲመለስ ከቤቱ ሊቀበለው የሚወጣውን ለእግዚአብሔር ለመስጠት የተሳለው ስእለት በአንድያ ልጁ ላይ ያመጣውን ኀዘን የሚተርክ ነው። ልቡ የደማ ሰው ያንን ዘለፋ ሰምቶ የዮርዳኖስን መሻገሪያ አስያዘ፤ ሸሽተው ሊሻገሩ የመጡት ኤፍሬማውያንም በዚያ ተገደሉ። ዕብራውያን 11፥32 ከጌዴዎን ጋር የእምነት ሰው አድርጎ ቆጥሮታልና ለመፍረድ አንቸኩል፤ ነገር ግን የምንመራ ሁሉ የትኛው ቃል እንደሚያነደን እንወቅ። አንዱን «ገና ልጅ ነህ» የሚለው፣ ሌላውን «አልተማርክም» የሚለው ይቆሰቁሰዋል።

በማኅበራችን ይህ ቅሬታ በየጊዜው አለ። በበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሳይካተት የቀረ ነባር አገልጋይ፣ ለእህቱ ልጅ ሽምግልና ያልተጠራ አጎት፣ መዝሙር ሳይሰጣት የቀረች መዘምር። የምንመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ የዮፍታሔን መልስ ነው፦ ደውለን ነበር፣ ስልክህ አይነሣም፣ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። ማስረጃው ልክ ነው፤ ሰውየው ግን ኩርፊያውን እንደ ያዘ ይሄዳል። ቃለ ጉባኤው ከመገለጡ በፊት ይህ ወንድም ለዓመታት ምን እንደ ሠራ በፊቱ ብንናገርለት ምን ይቀርብናል? የሚነገርለት እውነት የሌለው አገልጋይ እምብዛም አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ያው ጌዴዎን በዚያው ምዕራፍ የሱኮት ሰዎች ለደከሙ ተከታዮቹ እንጀራ ስለ ከለከሉት ሽማግሌዎቻቸውን በእሾህ ቀጣ፤ እንዲሁ የከለከለችውን የጵኒኤልን ከተማ ግንብ አፍርሶ የከተማይቱን ሰዎች ገደለ። ጥፋት አጥፍተዋል፤ ቢሆንም ለብርቱው ነገድ የለሰለሰው ምላስ ለትንሿ ከተማ አልተረፈም። የሰውን ልብ ማንበብ ባለጸጋውን ለማባበልም፣ ወንበርን ለመጠበቅም ያገለግላል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ምስጢርን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፍቅር ከሌለው ከንቱ እንደ ሆነ የተናገረው እኛንም ይመለከታል። በአዳራሹ የፊት ወንበር ለሚቀመጠው ለጋሽ ቃል እየመረጥን፣ ወንበሩን የምትወለውለውን እናት በጩኸት የምናዝዝ ከሆነ፣ ከጌዴዎን የወሰድነው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሱኮት ላይ ያለውን ግማሽ።