መግቦተ እግዚአብሔር በድሬዳዋ ክርስቲያኖች የዕለት ተዕለት ኑሮ

መግቦተ እግዚአብሔር ፈጣሪ የፈጠረውን ዓለም ትቶ እንዳልሄደ፣ ፍጥረቱን በየዕለቱ እየጠበቀና እየመገበ ወደ ፍጻሜው እንደሚመራው የሚያስተምር የክርስትና እምነት ክፍል ነው። መሠረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የማይዘሩና የማያጭዱ የሰማይ ወፎች (ማቴ. 6፥26)፣ ያለ አብ ፈቃድ በምድር ላይ የማትወድቅ ድንቢጥ (ማቴ. 10፥29)፣ ወንድሞቹ በክፋት የሸጡት ዮሴፍ ለብዙዎች ነፍስ መዳኛ መሆኑ (ዘፍ. 50፥20) ዘወትር ይጠቀሳሉ። ትምህርቱን ከዕጣ ፈንታ ጋር ማምታታት ትልቅ ስሕተት ነው። ዕጣ ፈንታ አይለመንም፣ አይመሰገንምም፤ መግቦት ግን ልመናን የሚሰማ አባት ሥራ ነው። የሰው ነጻ ፈቃድም በውስጡ እንደተጠበቀ ስለሚኖር፣ በደል የሠራ ሰው «ተጽፎብኝ ነው» ብሎ አያመልጥም።

በድሬዳዋ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ይህ እምነት ከጉባኤ ትምህርት ይልቅ በጸሎት ይወረሳል። ሕፃኑ አቡነ ዘበሰማያትን ሲያጠና «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ብሎ የዛሬን እንጀራ ይለምናል። ጸሎተ አኰቴት ሲደርስ ካህኑ እግዚአብሔር እንደ ሰወረን፣ እንደ ረዳን፣ እንደ ጠበቀንና እስከዚህች ሰዓት እንዳደረሰን እየዘረዘረ ያመሰግናል። መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከፍለው የሚደግሙ ምእመናን ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለውን ስለሚያደርሱ፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው 22ኛው መዝሙር የሥራ ሳምንታቸው መግቢያ ላይ ይውላል።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ የተቆረቆረች የነጋዴ ከተማ ናት። ሐዋርያው ያዕቆብ ወደ እገሌ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን «ጌታ ቢፈቅድ» እንዲሉ የመከረው ምክር (ያዕ. 4፥13-15) ለዚህች ከተማ የተጻፈ ይመስላል። በመጋላ ገበያ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ካለ» ሲል ሙስሊም ጎረቤቱ «ኢንሻአላህ» ይላል፤ ሁለቱም ይግባባሉ። ላለመምጣት የወሰነ ሰው ቃሉን ለማለሳለስ ሲጠቀምበት ግን የፈጣሪን ስም በከንቱ መጥራት ይሆናል።

የእምነቱ ትልቁ ሕዝባዊ መገለጫ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ጉዞ ነው። እንደሚነገረው ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ለምስጋና አሠርተውታል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ክብረ በዓላት ከሞቃታማዋ ድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት በመኪናም በእግርም የሚያያዘው ሕዝብ ብዙ ነው። አንዱ ጃንጥላ፣ ሌላው ጧፍ ይዟል፤ ከባድ ድንጋይ ተሸክማ ኮረብታውን የምትወጣ ሴት አለች። በስለት የተወለደ ሕፃን በእናቱ ጀርባ መጥቶ እዚያው ይጠመቃል፤ እናቲቱም ስለቷ መድረሱን በእልልታ ትመሰክራለች። ስለት የምስጋና ቃል ኪዳን ነው፤ ከፈጣሪ ጋር እንደሚደረግ ግብይት ከታየ ግን ትርጉሙን ያጣል። ለዚህ ማረሚያው በራሱ በታኅሣሡ በዓል ውስጥ ይገኛል። በዚያ ቀን የሚታሰቡት ከእሳት የዳኑት ሠለስቱ ደቂቅ (ሦስቱ ወጣቶች) ናቸው፤ እነርሱም ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት አምላካችን ያድነናል፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ብለው ለንጉሡ መልሰዋል (ዳን. 3፥17-18)። «ባያድነንም» የምትለዋ ቃል ስለቱ ላልሰመረለት ምእመን ያላት ዋጋ ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ሰውም ከሌላው እኩል ወደ ቁልቢ ይወጣል።

ይህን እምነት በጽኑ የፈተነው የደቻቱ ጎርፍ ነው። ደቻቱ ከዓመት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የከተማዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በላይኛው ተራራማ አካባቢ የጣለው ከባድ ዝናብ ወርዶ፣ ሕዝብ በተኛበት ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከአንድ ቤት አንዱ ተርፎ ሌላው ሲወሰድ የተረፈው «እግዚአብሔር አወጣኝ» ይላል፤ ምስጋናው እውነት ነው። ሆኖም የሞቱት ተጥለው ነው ወይም በኃጢአታቸው ነው ማለት አይቻልም። ክርስቶስ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል (ሉቃ. 13፥4)። ስለዚህ በለቅሶ ቤት ፈጥኖ «ለበጎ ነው» ማለት ኀዘንተኛውን ያቆስላል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ አብሮ መቀመጥ ይሻላል። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የተሠራው መከላከያ ግንብም በመግቦት ከማመን ጋር አይጋጭም፤ ዮሴፍም ስለ ረኃቡ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቷል።

በከተማዋ የሚገኙ ካቶሊካውያንና የወንጌል አማኞችም መግቦትን በአንድ ልብ ይቀበላሉ። ካቶሊኮች እንደ ኦርቶዶክሳውያን የቅዱሳንን አማላጅነት ሲይዙ፣ የወንጌል አማኞች በቀጥታ በግል ጸሎትና በቃሉ ምሪት ላይ ያተኩራሉ።

ትዳር ለመያዝ፣ ሥራ ለመቀየር ወይም ወደ ጅቡቲ ለመሰደድ ያሰበ ኦርቶዶክሳዊ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ የንስሐ አባቱን ያማክራል። አባቶች በአብዛኛው ጾምና ጸሎት ያዝዛሉ፤ ከቤተሰብ ጋር እንዲመክር፣ ነገሩን በጥሞና እንዲመረምርም ይነግሩታል። ጠንቋይ ቤት መሄድ በኦሪቱ ጭምር የተከለከለ ስለሆነ (ዘዳ. 18፥10) አጥብቀው ይገሥጻሉ፤ ሄዶ ከተገኘም ቀኖና ይሰጡታል።