አራዳ ምንድን ነው?

«አራዳ» የሚለው ቃል በዛሬው የአዲስ አበባ አማርኛ አንድን ሰፈር፣ አንድ ዓይነት ሰውንና አንድ ዓይነት አነጋገርን በአንድ ጊዜ ይጠራል። ሦስቱ ትርጉሞች እንዴት ከአንድ ግንድ እንደ በቀሉ ሳይታወቅ ስለ አራዳ ቋንቋ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዳንዱ «የተበላሸ አማርኛ» ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ የዱርዬዎች ምስጢር አድርጎ ያየዋል። እኔ የምኖረው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቃሉ ከተወለደበት ቦታ እጅግ ርቆ በየቀኑ ሲነገር ስለምሰማው፣ ታሪኩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ቀድሞ አራዳ ማለት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ታላቁ ገበያና ዙሪያው ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ነጋዴ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና ዐረቡ የሚገናኙበት፣ ሱቁና ሆቴሉ ቀድሞ የተከፈተበት ስፍራ ስለነበረ፣ የከተማው ጸጥታ አስከባሪ እንኳ «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሲቋቋም፣ የአራዳ እምብርትም ፒያሳ የሚለውን የጣሊያንኛ ስም ያዘ። ስሙ ከገበያው ጋር አልጠፋም፤ ከቦታው ይልቅ በቦታው ላደገው ሰው መጠሪያነት እየጎላ ሄደ። በገበያ መካከል ያደገ ልጅ ሰው ያውቃል፣ ዋጋ ያውቃል፣ በቀላሉ አይታለልም፤ ስለዚህም «የአራዳ ልጅ» ማለት ከጊዜ በኋላ የነቃ፣ ጨዋታ የሚያውቅና ለጓደኛው የሚደርስ ሰው ማለት ሆነ። በተቃራኒው የቆመው «ፋራ» ወይም «ሰገጤ» የሚባለው ነው፤ እነዚህ ቃላት ከገጠር የመጣውን ሰው ለመናቅ ሲውሉ መስማት ግን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ አራዳ ራሱ የተሠራው ከየገጠሩ በመጡ ሰዎች ነው።

ወደ አነጋገሩ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። የአራዳ ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሌላ ቋንቋ አይደለም፤ ቃላቱን ከየትም ያምጣ እንጂ አጥንቱ አማርኛ ነው። አንዳንዱን ቃል ከነባሩ ቋንቋ ወስዶ ትርጉሙን ያዞረዋል፤ ሥጋ ሲጠበስበት የኖረው «ጠበሰ» ኮረዳ ማባበልን ያመለክታል፣ ቋጠሮ የሚፈታበት «ፈታ» ደግሞ «ፈታ በል» ሲባል ጭንቀትህን ተው ማለት ይሆናል። ሌላውን ከውጭ ይቀበላል፦ «አሪፍ» ከዐረብኛ፣ «ከርቸሌ» ከጣሊያንኛ፣ «ሙድ» ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ «ሙድ ያዘብኝ» ሲባል አላገጠብኝ ማለት መሆኑን ቃሉን ያዋሰን እንግሊዛዊ ቢሰማ አይገባውም። «ሸቀለ» (ሠርቶ ገንዘብ አገኘ) ካልን ሸቃዩም፣ ሽቀላውም፣ አሸቃቀሉም እንደማንኛውም የአማርኛ ግሥ ሥርዓቱን ጠብቆ ይመጣል። «ነቃ» ከሚለው «ነቄ» የተበጀው፣ አለባቸውን አለቤ፣ ተፈራን ተፌ ብለን በምናቆላምጥበት በዚያው መንገድ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአክብሮቱ ነገር ነው፤ የታክሲ ረዳት አዛውንቱን «ፋዘር» ብሎ በባዕድ ቃል ቢጠራም፣ ግሡ ላይ ሲደርስ «ጠጋ ይበሉ» እንጂ «ጠጋ በል» አይልም። ቋንቋው ቢበላሽ ኖሮ ቀድሞ የሚፈርሰው ይህ የአንቱታ ሥርዓት በሆነ ነበር።

በአገራችን የተለየ የቡድን ቋንቋ በአራዳ አልተጀመረም። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና ዛር የሰፈረባቸውን ሰዎች ልዩ አነጋገር በየተራ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያን የምስጢር ቋንቋዎች የሚመለከት መጽሐፍ አሳትሟል። ልጆች የሚጫወቱበት «የወፍ ቋንቋ»ም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር ነው። የእነዚህ ዋና ሥራ መደበቅ ነው፤ አዝማሪው በባለ ግብዣው ፊት ቆሞ ከጓደኛው ጋር ሌላው ሳይሰማ ሊነጋገር ይፈልጋል። የአራዳ ቋንቋም ለመደበቂያ ይውላል፣ ነገር ግን በዚያ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ከሰፈሩ አይወጣም ነበር። ያስፋፋው ጨዋታው ነው፤ ከጨዋታውም ይልቁንም ተረብ የሚባለው።

ተረብ ስድብ አይደለም። ተራቢው የሌላውን ሰው ቃል ወይም ሁኔታ ይዞ፣ በዚያው ቃል ላይ ያልታሰበ ትርጉም በማውጣት ይመታዋል፤ የተመታው ደግሞ ወዲያው መመለስ አለበት፣ ከተቆጣ ግን ተሸንፏል። ይህ ጥበብ ቅኔ ቤት ውስጥ ኅብር ከሚባለው፣ አንድን ቃል ሁለት ትርጉም ከሚያሸክመው ስልት ጋር አንድ ደም አለው። በተማሪ ቤትና በቤተ መንግሥት ቀልዱ ሲወራለት የኖረው አለቃ ገብረ ሐና የቅኔና የአቋቋም ሊቅ መሆናቸውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ቀልዳቸው የተወለደው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማየትን ከሚያስተምረው ትምህርት ነው። የአራዳው ልጅ ያንኑ ዓይን ያገኘው በመንገድ ላይ ነው።

የአራዳ አነጋገር ወደ መድረክ መድረሱ ዘግይቷል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ሕዝቡን ከሚመጣው ወረራ አስቀድሞ ማንቃት ስለነበረ፣ የመድረኩ ቋንቋ ከፍ ያለ፣ ግጥም የበዛበትና ምክር አዘል ነበር። ቴአትር ቤቱ ፒያሳ እየነበረ የፒያሳ አነጋገር መድረክ ላይ ብዙ አይሰማም ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን እንደ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ እንደ ደረጀና ሀብቴ ያሉት ኮሜዲያን ተራውን ሰው በተራው ሰው አነጋገር ሲያቀርቡት፣ ሕዝቡ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ሳቀ። ይህን እንደ ትልቅ ሥራ እቆጥረዋለሁ።

ቦታው ደግሞ ዛሬ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል፤ ከዚያም አስቀድሞ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞና ወደ እኛ ሰፈር መጥቷል። የአራዳው አነጋገር አዲስ አበባን በፍቅር ሲጠራበት የኖረው «ሸገር» እንኳ፣ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በዙሪያችን ያሉትን ከተሞች አጠቃልሎ የተቋቋመው ከተማ መደበኛ ስም ሆኗል። ቃል እንደ ሰው ቤት ይቀይራል።

ባለፈው ሳምንት በቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ አንዲት እናት መቶ ብር ከፍለው ረዳቱን «መልስ ስጠኝ እንጂ» አሉት። ረዳቱ ሳቅ እያለ «ማዘር፣ ጥያቄውን ሳይነግሩኝ?» አላቸው። እርሳቸውም ሳይዘገዩ «ጥያቄውማ፣ ስንት ሰጠሁህ ነው» ሲሉ ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፣ መልሱም ተቆጥሮ ተሰጣቸው። እናትየዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የኖሩት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ነበር። ረዳቱ ግን እዚሁ ያደገ፣ ፒያሳን ለጉዳይ ካልሆነ የማያውቅ ነው፤ ከታክሲው ሲወርዱ ደግፎ አውርዷቸው ለጓደኛው «አራዳ እናት ናቸው» አለው።