ስለ ትንንሽ የአፈር ግድቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ በ10 ዓመት ውስጥ 500 ትንንሽ ግድቦችን ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ከ100 በታች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹን ደለልና ስርገት ጎድቷቸዋል። ከዚያ ወዲህም በየቀበሌው የሚሰሙት አባባሎች ብዙም አልተለወጡም።

«1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከያዘ 100 ሄክታር ያለማል።»
ከመውጫው ቱቦ በታች ያለው ውሃ አይወጣም፤ ቦታው ለደለል የተተወ ነው፤ 200 ሺህ እንበለው። የውሃው ገጽ 10 ሄክታር ሆኖ በበጋው 1 ሜትር ከተነነ 100 ሺህ ሄደ። ለስርገት ሌላ 100 ሺህ ብንቀንስ 600 ሺህ ይቀራል። ሽንኩርት እስኪደርስ በሄክታር 5 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ይጠጣል። በአፈር ቦይ ሲሄድ ግማሹ መንገድ ላይና ማሳ ውስጥ ስለሚባክን ግን 10 ሺህ መልቀቅ ግድ ነው። ስለዚህ 60 ሄክታር። በ100 ሄክታር ከተከፋፈለ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ሽንኩርቱ ሳያኮርት ውሃው ያልቅበታል።

«ከግርጌው ውሃ ከወጣ ሊፈርስ ነው።»
የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። የሚወጣው ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ ማጣሪያው፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀረው በግድቡ ውስጥ ያለው የአሸዋና የጠጠር ንብርብር፣ እየሠራ ነው። ካጠራጠረ በጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር ነው፤ ጭቃ ከዘቀጠ ውሃው ግድቡን ከውስጥ እያጠበው ነው። ያኔ ብዙዎች በሸክላ አፈር ለመድፈን ይሮጣሉ፤ ውሃው ግን ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ቀዳዳው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር ይደረባል፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ቱቦው ተከፍቶ የተጠራቀመው ውሃ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። በአንዴ ከወረደ እርጥቡ የውስጥ ተዳፋት ይናዳል።

«ማስተንፈሻውን በድንጋይ ብንዘጋው ውሃ ይጨምርልናል።»
ማስተንፈሻው ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ነው። ቢዘጋ ውሃው ይጨምራል፤ ትልቅ ጎርፍ እስኪመጣ። በአናቱ ውሃ ያለፈበት የአፈር ግድብ በሰዓታት ውስጥ ሊበጠስ ይችላል።

«ባህር ዛፍ ግድቡን ያጠነክረዋል።»
ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ በስብሶ የውሃ ቱቦ ይሆናል። ለተዳፋቱ ሰርዶ ይበቃል።

«ደለሉን በበጋ እንጠርገዋለን።»
100 ሺህ ሜትር ኩብ ደለል፣ 10 ሜትር ኩብ ለሚጭን ገልባጭ መኪና፣ 10 ሺህ ምልልስ ነው። ነዳጁን ማን ይችላል? ደለሉን ከላይ የሚያስቀሩት የተራራው እርከንና የቦረቦሩ ክትር ከግድቡ ሁለት ሦስት ክረምት ቀድመው መሠራት አለባቸው።