ራስን መንከባከብ ምንድን ነው? ስኳር ያለበት ሰው ታማሚም አስታማሚም ሲሆን

ሰው ሲታመም አስታማሚ ይኖረዋል። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያቀብለው፣ ግንባሩን ዳሰስ የሚያደርግለት፣ «እስቲ ትንሽ ቅመስ» የሚለው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። የስኳር ሕመም ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ዕድሜ ልክ አጠገብ የሚቀመጥ አስታማሚ ደግሞ የለም። ስለዚህ ታማሚው ራሱን ማስታመም ይማራል። ሐኪሞች «ራስን መንከባከብ» የሚሉት ይህንን ነው።

አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። ቀጠሮውን የማያሳልፍ ሰው እንኳ ከሐኪሙ ጋር የሚቀመጠው ቢደመር ጥቂት ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ምን እንደሚበላ፣ መርፌውን መቼ እንደሚወጋ፣ ድንገት ሲያልበው ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው እሱ ነው። ራስን መንከባከብን የሕክምና ጭማሪ አድርገው ሲያወሩት አልስማማም። ዋናው ሕክምና እሱ ነው።

ቃሉ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ጣፋጭ ተው» ነው። ምግብ ትልቅ ቦታ አለው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ክኒንን ወይም ኢንሱሊንን ሳያቋርጡ መውሰድ አለ። መንቀሳቀስ አለ፤ ለአብዛኛው አዋቂ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይመከራል። ሲጋራ መተው፣ ዓይንንና ኩላሊትን በየጊዜው ማስመርመርም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

የደም ስኳር መለካትን ለብቻው ላንሳው። ብዙ ሰው ይለካል፣ ቁጥሩን ያያል፣ መሣሪያውን መልሶ ያስቀምጣል። ቁጥሩ የሚጠቅመው «ለምን?» ሲባል ነው። ለብዙ አዋቂዎች (በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲለካ) ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። የየሰዉ ግብ ስለሚለያይ የራስን ከሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ለሁሉም እኩል ይሠራል፦ ከመለካት በፊት እጅ መታጠብ። ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ ጣቱን የወጋ ሰው፣ መለኪያው የሚያሳየው ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ብቻ አይደለም። ጣቱ ላይ የቀረውም ይደመርበታል። ያን ቁጥር አምኖ ኢንሱሊን ቢጨምር ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል።

ቀጠሮ 3 ቀን ሲቀረው ምግብ የሚቀንስ ሰውም አለ። የጠዋቱ ቁጥር ያምርለት ይሆናል። «ኤ ዋን ሲ» የሚባለው የደም ምርመራ ግን ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት የስኳር አማካይ ስለሚናገር በ3 ቀን አይለወጥም። ይህን የሚያደርጉትን ሰዎች መውቀስ አልፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ቁጣ ፈርተው ነው። ጤና ባለሙያው ከተቆጣ ታማሚው ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ መድኃኒቱ በተሳሳተ መረጃ ይታዘዛል።

የስኳር መውረድ ፋታ አይሰጥም። ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይበታተናል። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም የሚሆን ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ስኳር መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ ካልወጣ መድገም። ቸኮሌት ቅባት ስላለው ስኳሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚያደርሰው፣ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው የሕክምና እርዳታ መጥራት ነው። ይህን ታማሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚኖረውም የሚሠራውም ቢያውቅ ይሻላል። ያ ሁሉ ሲደርስ እሱ ማስረዳት ላይችል ይችላላ!

የምሰጋው ግን ለእግር ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይጎዳል፣ ስሜት ይጠፋል። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው በሁለተኛው እርምጃ ቆም ብሎ ያራግፋል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን በዚያው ጠጠር ላይ ሲሄድ ይውላል። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ደም ያያል፤ ሕመም ግን የለም። «አላመመኝም» ብሎ ይተወዋል። አደጋው እዚህ ጋ ነው። የማያምም ቁስል ነው እስከ መቆረጥ የሚያደርሰው፤ ትንሽ ብትሆንም ሳይቆዩ ማሳየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ሥራው ቀላል ነው። ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር አለመሄድ፣ የሞቀ ውሃን በእግር ሳይሆን በክርን መሞከር። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መሃል በደንብ ማድረቅ፤ እዚያ ቅባት አይቀባም። ማታ ማታ ውስጥ እግርን ማየት። ጎንበስ ማለት የሚከብደው መስተዋት መሬት ላይ አስቀምጦ ያያል። ዓይኑ የደከመ ከሆነ ደግሞ የቤት ሰው ይይለት።