የመታሰቢያ ሽልማት ለጀማሪ የብረት ቀራጺዎች፦ ልማዱ፣ አሠራሩና የሰሜን ሸዋ የብረት ሥራ

የመታሰቢያ ሽልማት በሞት የተለየ ሰው ስም በሙያው ውስጥ እንዲታወስ ታስቦ፣ ቤተሰቡ፣ ወዳጆቹ ወይም የሙያ አጋሮቹ ባኖሩት ገንዘብ በየጊዜው ለሚመረጥ ባለሙያ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ለጀማሪ የብረት ቀራጺዎች የሚሰጠው ሽልማት ከሌሎቹ የሥነ ጥበብ ሽልማቶች በአንድ ነገር ይለያል። ሠዓሊ ሸራና ቀለም ካገኘ በመኖሪያ ክፍሉ ሊሠራ ይችላል፤ ብረት የሚቀርጽ ግን ሰፊና አየር የሚያገኝ ቦታ፣ በቂ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የብየዳና የመቁረጫ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኪሎ ተመዝኖ የሚገዛ ብረት ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ጨርሶ ከትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ የወጣ ወጣት፣ ችሎታው ሳይጎድል፣ ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ሽልማቱ የሚታሰበውም በዚሁ ክፍተት ላይ ነው።

ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ለንደን ውስጥ በማርክ ታነር ስም የሚሰጠው ነው። ታነር በዋናነት በብረት ይሠራ የነበረና እ.ኤ.አ. በ1998 የሞተ ቀራጺ ሲሆን፣ በስሙ የተቋቋመው ሽልማት ለተመረጠው ቀራጺ አዲስ ሥራ የሚሠራበትን ገንዘብና ሥራውን ብቻውን የሚያሳይበትን ዐውደ ርእይ አንድ ላይ ይሰጣል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የአሰጣጡ ሥርዓት ነው፤ ሽልማቱ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ ምስጋና ብቻ ሳይሆን ገና ላልተሠራ ሥራ የሚታመን ገንዘብ ነው፤ ለጀማሪም የሚጠቅመው ይኸኛው መንገድ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያም የሥነ ጥበብ ሽልማት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለሥነ ጥበብ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሌሎችም ዘርፎች ሽልማት ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የሥነ ጥበብ ተሸላሚ የሆኑት አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ተወላጅ ናቸው። አፈወርቅ በሥዕላቸውና በአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወታቸው ይታወቁ እንጂ ቀራጺም ነበሩ፤ ሐረር ላይ ቆሞ የነበረው፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በነበረው ሁከት የፈረሰው የራስ መኰንን ሐውልት የእሳቸው ሥራ ነበር። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው የሚጠራው አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ከሰላሌ፣ ከፍቼ ናቸው። የአገሪቱ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ከሰሜን ሸዋ ምን ያህል እንደተቀዳ ለማሳየት እነዚህ ሁለት ስሞች ይበቃሉ።

የብረትና የነሐስ ሐውልት ግን ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር እጅ የቆየ ዘርፍ ነው። በአንጎለላ የተወለዱት የዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት፣ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የተመረቀው፣ የጀርመናዊው የካርል ሄርተል ሥራ ነው። የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 መታሰቢያም የነሐስ ምስሎቹ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች የአውጉስቲንቺችና የክርሺኒች ናቸው። ሥራዎቹ የሚያኮሩ ናቸው፤ ሐዘናችንንና ክብራችንንም በሚገባ ይናገራሉ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ትእዛዝ ለአገሬው ወጣት በማይደርስበት ዘመን ነሐስ ማቅለጥን፣ ብረት ማቆምን ማን ተለማምዶ ያድጋል?

ጥያቄው በሰሜን ሸዋ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በዚህ ምድር የብረት እጅ ጠፍቶ አያውቅም። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ፣ ጦርና ጎራዴ የሚሠሩ፣ ጠመንጃ የሚያድሱ ባለሙያዎች ነበሩ። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ስዊሳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አስመጥተው በአገልግሎታቸው ሥር አዋሉት። ከቤተ መንግሥቱ ውጭ፣ በየገጠሩ፣ ወንዶቹ በብረት ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦች ለገበሬው ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር፣ ለእናቶች ምጣድና እንስራ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከእነዚህም መካከል የቤተ እስራኤል ዘር እንዳላቸው የሚናገሩ አሉ፤ ብዙዎቹም በኋላ አዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፍረዋል።

እነዚህ ሰዎች ያተረፉት ግን ምስጋና አልነበረም። በሠሩት ማረሻ የሚያርሰው ሰው ራሱ ጠይብ እያለ ያንቋሽሻቸው፣ ቡዳ እያለ ይርቃቸው፣ ከጋብቻና ከማኅበር ያገላቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን በሥራው፣ ሸማኔውን በሽመናው፣ ሌላውንም ባለእጅ በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ በጊዜው የተራመደ ነበር፤ ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ የሚነቀል አልሆነም፤ ርዝራዡ ዛሬም በየሰፈሩ ይሰማል። የመታሰቢያ ሽልማት በዚህ ስፍራ የሚኖረውን ክብደት የምመለከተው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ስም ያልተሰጠው፣ የሠራው ጎራዴ የባለቤቱ ስም ብቻ ተጠርቶበት የቀረ ባለእጅ በበዛበት አገር፣ ብረት የሚቀርጽ ወጣት በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ ሲከበር የሚካሰው እሱ ብቻ አይደለም።

የባህላዊውን ብረት ቀጥቃጭ ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለቅርጻ ቅርጽ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይረዳል። ረዳቱ በሁለት የቆዳ ወናፎች፣ አንዱን ሲከፍት ሌላውን እየተጫነ፣ ነፋሱ ሳይቋረጥ ከሰሉን ያነድዳል፤ ባለሙያው ቀጥ ብሎ የሚያየው የብረቱን ቀለም ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን ብረቱ ገና እምቢ ይላል፤ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ቢጫ ሲጠጋ በጉጠት አውጥቶ መስፉ (መቀጥቀጫው ብረት) ላይ ያስተኛዋል፣ መዶሻውንም በፍጥነት ያወርድበታል፤ ጥቂት ምት እንደመታ ቀለሙ ይወርዳልና ወደ እሳቱ ይመልሰዋል። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ የመንደር እሳት አያቀልጠውም፤ ያለሰልሰዋል እንጂ። ስለዚህ ቅርጹ የሚወጣው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመፍሰስ ሳይሆን በእጅና በዓይን ስምምነት ነው። የማረሻን ጫፍ ማሾል፣ ማጠፍና በውኃ ማጠንከር የሚችል ሰው የአንድን ክንፍ ጠርዝ ማውጣት አይሳነውም።

በደብረ ብርሃን ከተማ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብረት ሠሪ አለ፤ በር፣ መስኮትና አጥር የሚበይደው። ቱቦላሬውን ለክቶ ቆርጦ፣ ላሜራውን ለጥፎ፣ በሩ ላይ የሐረግ ወይም የአንበሳ ምስል ከቀጭን ብረት አጥፎ የሚያኖር ወጣት ቅርጻ ቅርጽ እየሠራ መሆኑን የነገረው ላይኖር ይችላል። ከዎርክሾፑ ደጃፍ የሚከማቸው የመኪና ባሌስትራ፣ ጥርስና ሰንሰለት፣ ቁራሌው በየቤቱ እየዞረ የሚሰበስበው አሮጌ ብረት፣ ለሐውልት የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ይህ መንገድ በዓለምም የታወቀ ነው፤ ከባርሴሎና የብረትና የወርቅ ሠሪዎች ቤተሰብ የወጣው ሁሊዮ ጎንዛሌዝ ብየዳን የለመደው በፈረንሳይ ሬኖ ፋብሪካ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለፒካሶ ያካፈለው ያው ሙያ የዘመናዊውን የብረት ቅርጽ መንገድ ከፍቷል።

እንዲህ ያለ ሽልማት በዚህ አካባቢ ቢቋቋም አሠራሩ በእነዚህ እውነታዎች ላይ መመሥረት አለበት። በመጀመሪያ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተቆጥሮ ከሚሰጥ ይልቅ ከፊሉ በብረት፣ በኤሌክትሮድ (በብየዳ ዘንግ) እና በወርክሾፕ ኪራይ መልክ ቢሰጥ ይሻላል፤ ጥሬ ገንዘብ በቤተሰብ ችግር መካከል ቶሎ ያልቃል፣ ይህም ማንንም አያስነቅፍም። ዲፕሎማን የመወዳደሪያ መስፈርት ማድረግ ደግሞ ከአባቱ የተማረውን ቀጥቃጭና በየጋራዡ ያደገውን በያጅ ከበሩ ይመልሳልና፣ ንድፍና ቀድሞ የተሠራ ናሙና ይበቃል። ከዳኞቹ መካከልም አንድ አንጋፋ ቀጥቃጭ ሊኖር ይገባል፤ መገጣጠሚያው ጠንካራ መሆን አለመሆኑን፣ ብረቱ በቅጡ ሞቆ የተመታ መሆኑን ከማንም በተሻለ ያውቃልና።

የጤናው ጉዳይም ችላ አይባልም። የብየዳ መነጽር፣ የእጅ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከሽልማቱ ጋር መሰጠት አለባቸው፤ በተለይ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል፤ አሮጌ ቆርቆሮ የሚጠቀም ወጣት ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ሥራው ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ደጋው የራሱን ያደርጋል። በክረምት ዝናብ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ውጭ የሚያድር ብረት ጸረ ዝገት ካልተቀባ፣ ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድም ካለው፣ ከውስጡ ይበላል። ስለዚህ ሽልማቱን የሚያቋቁሙት ሰዎች ለመሥሪያ የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ለሚደረገው ቅቢና ጥገና የሚሆን ገንዘብም ቢያስቀምጡ፣ ሐውልቱ የሚቆምበትን ቦታም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ቢስማሙ፣ ከሥሩም ከመታሰቢያው ባለስም ጎን የቀራጺውን ስም ብረት ላይ ቢያስቀርጹ መልካም ነው።