የእንጨትና የሸራ ታንኳ ፕላን ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐይቅ ከተማ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ቀጫጭን የእንጨት አጽም፣ በላዩ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ። የምታምር ታንኳ ናት። ከሥሩ «ጋሼ፣ ፕላኑን አገኘሁት። ቅዳሜ ደሴ መጥቼ እንጨት ልገዛ ነው» ብሎ ጽፏል።

ወዲያው ደወልኩለት። «ልጄ፣ ብርህን ያዝ። ይሄ ፎቶ ነው እንጂ ፕላን አይደለም» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። አብሽር፣ ፕላን አይጠፋም፤ ግን ምን እንደምትፈልግ እንወቅ አልኩትና በዚያው ወሬ ጀመርን። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሌሎች ልጆችም ስለዚሁ ነገር ሲጠይቁኝ ከርመዋል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች እዚህ ላስቀምጥ።

«ጥሩ ፎቶ ወይም ንድፍ ካለኝ ፕላን አለኝ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ታንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅርጿ ይለዋወጣል። ጫፏ ሹል ነው፣ መሃሏ ሰፊ ነው፣ ሆዷ አንዱ ጋ ክብ ሌላው ጋ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ይህን አይነግራችሁም። በዓይን ግምት የተሠራች ታንኳ አንዱ ጎኗ ከሌላው ይበልጥና ቀጥ ብላ አትሄድም።

እውነተኛ ፕላን ታንኳዋን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። እያንዳንዱ ቁራጭ «ስቴሽን» ይባላል። ከፕላኑ ጋር የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። ለእያንዳንዱ ስቴሽን ከመሃል መስመር ወደ ጎን ስንት እንደሆነ፣ ከታች መነሻ መስመር ወደ ላይ ስንት እንደሆነ ይናገራል። በዚህ ላይ በስቴሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የእንጨቱ ውፍረትና ዝርዝር፣ ታንኳዋ የምትሸከመው ክብደት መጻፍ አለበት። እነዚህ የሌሉበትን ወረቀት ነፃም ቢሆን አትውሰዱት። ነፃ ሆነው እነዚህን ሁሉ የያዙ ፕላኖች አሉ። ስለዚህ ዋጋውን ሳይሆን ሠንጠረዡን እዩ።

በኋላ ልጁ ትክክለኛ ፕላን አግኝቶ መጣ። ሠንጠረዡ ላይ «1-2-3» ይላል። ግራ ገባው። የአሜሪካ ፕላኖች ልማድ ነው፤ 1 ጫማ፣ 2 ኢንች፣ ከኢንች ላይ 3 ስምንተኛ ማለት ነው። ጫማው 30.48 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ኢንች 5.08፣ ሦስቱ ስምንተኛ 0.95፤ ድምሩ 36.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ካርቶን መሬት ላይ ዘረጋን። መሃሉን በእርሳስ ከፈልነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ለካን። ከዚያ ቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ በነጥቦቹ ላይ አሳልፈን አጎበጥን። አራቱ ነጥቦች ዘንጉ ላይ ልክ ተኙ፣ አምስተኛው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ወጣ። «ጋሼ፣ ፕላኑ ተሳስቷል» አለ። ስንፈትሽ የዚያን ነጥብ ቁጥር ሲያነብ 5 ስምንተኛውን 5 ኢንች ያደረገው እሱ ነው። ዘንጉ ስህተት አይደብቅም። ሠንጠረዡ የሚሰጠው የታንኳዋን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ካርቶኑን በመሃል መስመሩ አጥፈን በአንድ ላይ ቆረጥነው። ሲገለጥ ግራና ቀኙ እኩል ሆነ።

«ፕሪንት አድርጌ በላዩ ላይ እቆርጣለሁ»

ሙሉ መጠን ተብሎ የተሳለ ፕላን ከሆነ ይቻላል። ግን ፕሪንት ቤት ሲሰጡት ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ብሎ በራሱ ያሳንሰዋል። ብዙ ሰው አያስተውለውም። 3 በመቶ ብቻ ቢያሳንሰው 80 ሴንቲ ሜትር የነበረው ስፋት 2.4 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ለፕሪንተሩ «ሳታሳንስ፣ መቶ በመቶ አውጣልኝ» በሉት። ሲወጣ ፕላኑ ላይ ያለችውን የመለኪያ መስመር በሜትር ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር የተባለው 10 ካልሆነ ወረቀቱን ጣሉት።

«ሸራ የለበሰ ታንኳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው»

አይደለም። ሁለት ዓይነት አለ፤ ፍለጋ ላይ ስለሚቀላቀሉ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። አንደኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ሜይን ግዛት የተስፋፋው ነው። ሙሉ አካሉ በቀጫጭን ጣውላ ይለበጣል፣ ሸራው ከላይ ይመጣል። ለመሥራት መጀመሪያ የታንኳዋን ሙሉ ቅርጽ የያዘ ትልቅ የእንጨት ፎርማ ያስፈልጋል። ለአንድ ታንኳ ብሎ ያን ሁሉ መድከም ከባድ ነው። ሁለተኛው ጣውላ የለውም። አጽም አለ፣ ጨርቅ አለ፣ በቃ። በእንግሊዝኛ «ስኪን ኦን ፍሬም» ይሉታል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሆነው ይሄ ነው፤ ስትፈልጉም በዚህ ስም ፈልጉ።

«ጨርቅ ነው፣ ይቀደዳል»

የሰሜን ዋልታ ሰዎች የአቆስጣ ቆዳ በአጽም ላይ ወጥረው ባሕር ላይ ሲያድኑ ኖረዋል። የምዕራብ አየርላንድ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ሬንጅ የተቀባ ሸራ በቀጫጭን እንጨት ላይ ወጥረው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲወጡ ኖረዋል። ጨርቁ ድንጋይ ሲነካው ገባ ብሎ ይመለሳል። ስለታም ነገር ይበሳዋል፣ እውነት ነው፤ ግን በመርፌ፣ በቁራጭ ጨርቅና በቀለም ይጠገናል።

ችግሩ ያለው የጨርቁ ዓይነት ላይ ነው። ለእህል ማስጫና ለዝናብ የምንጠቀምበት ላስቲክ ሸራ ቀለም አይዝም። ይላጣል። የጥጥ ሸራ ይሆናል፤ በደንብ ቀለም ይጠጣል፣ ግን ይከብዳል፣ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠም ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፣ ውሃ ሲነካው ግን ይላላል። ፖሊስተር አይላላም፣ በዚያ ላይ ከተወጠረ በኋላ ካውያ በቀስታ ሲያልፍበት ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ይሆናል። ሻጩ ስሙን ካላወቀው አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር የምታህል ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ከተወጠረ በኋላ ደጋግሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት ነው።

«ፕላኑ የሚለው እንጨት ወሎ ውስጥ ስለሌለ አይሠራም»

ፕላኖቹ የሚጠሩት የፈረንጅ አገር ዛፍ ነው፤ ግን የሚፈልጉት ስሙን ሳይሆን ጠባዩን ነው። ለርዝመት ዘንጎቹ ቀላል፣ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት እንጨት ነው የሚያስፈልገው። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ጠንካራም ነው። ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጽድ ቀለል ይላል፣ መበስበስንም ይቋቋማል፤ ጉጡ ግን ብዙ ስለሆነ መምረጥ ነው። «ካልወፈረ አይጠነክርም» የሚሉም አሉ። የዚህች ታንኳ ጥንካሬ ከመጠፍሩ ነው። መጋጠሚያዎቹ በምስማር ሳይሆን በሰም በታሸ ክር ከታሰሩ አጽሙ እየተለመጠ ማዕበሉን ይቀበላል።

ለጎድኖቹ፣ ማለትም ሆዷን ከጎን ወደ ጎን ለሚያቅፉት ጎባጣ እንጨቶች፣ እርጥብ እንጨት ከደረቀ ይሻላል። በእንፋሎት ስታጎብጡ በተለምዶ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ነው። 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጎድን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከወጣ በኋላ ቶሎ አጉብጡት።

«እንጨት ለመቆጠብ ትንሽ ባጠባት ምን ይላል?»

ይገለብጣችኋል። የታንኳ አለመዋለል በስፋቷ ሦስተኛ ኃይል ነው የሚሄደው። 80 ሴንቲ ሜትሩን 70 ብታደርጉት ያላችሁን መረጋጋት አንድ ሦስተኛ ገደማ ታጣላችሁ። ስፋቱን አትንኩ።

«ታንኳ አይሰምጥም»

ይሄን የሚሉት የጣናን የደንገል ታንኳ አይተው ነው። ደንገል ራሱ አየር የያዘ ስለሆነ ውሃ ቢገባበትም ይንሳፈፋል። የሸራ ታንኳ ግን የሚያንሳፍፋት ውስጧ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ውሃ ከሞላት እንጨቷ ራሷን እንጂ እናንተን አይሸከምም። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ጥልቀት ደግሞ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች ውስጥ አፋቸው በደንብ የተዘጋ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች እሰሩ። እያንዳንዱ 20 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይገፋል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም አትርሱ።

የእህቴን ልጅ ታንኳ መጀመሪያ ያወጣነው ውሃው ጉልበት ድረስ በሆነበት ዳርቻ ነው። ሳይቀመጥባት በባልዲ ውሃ ሞላናት። ጠርዟ ከውሃው በላይ ሦስት ጣት ያህል ቀረ። እሱ ጎኗን ይዞ ተንጠለጠለባት፣ አልሰመጠችም። ከዚያ በኋላ ነው ውሃውን ደፍተን መቅዘፊያውን የሰጠሁት።