ለህንድ ሰርግ ምን ልልበስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ህንድ አገር የሚማሩ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ከህንዶች ጋር የሚሠሩ አበሾች አንድ ቀን የሰርግ ጥሪ ይደርሳቸዋል። ከደስታው ጋር ጭንቀቱም ይመጣል። ምን ይለበሳል? ስንት ይፈጃል? መካሪ ደግሞ ሞልቷል። ብዙው ምክር ግን ከፊልም የተወሰደ ነው። ፊልም ላይ ዓይን ውስጥ የሚገባው የሙሽሪትና የቅርብ ቤተሰቧ ልብስ ነው። እንግዳ እንደዚያ እንዲለብስ ማንም አይጠብቅም።

«ሴት ከሆንሽ ሳሪ ግድ ነው»

ግድ አይደለም። ሳሪ 5.5 ሜትር ገደማ የሚረዝም ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። ብቻውን አይለበስም። ከስር ወገብ ላይ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ጉርድ አለ፤ የሳሪው እጥፋት የሚሸጎጠው እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ ደግሞ በልክ የተሰፋ አጭር ብላውዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ጨርቁ በርካሽ ቢገኝም የልብስ ሰፊው ሂሳብ ይከተላል። ያልለመደችው ሰው ደግሞ ጫፉን ስትስብ፣ እጥፋቱን ስትይዝ ታመሻለች።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻለው ሳልዋር ካሚዝ ነው። ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ከስር ሱሪ፣ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ዱፓታ የሚባል ሻርፕ። ተሰፍቶ ይሸጣል። ለመጨፈርም፣ መሬት ላይ እግር አጣጥፎ ለመቀመጥም ይመቻል። ደመቅ ያለ የምትፈልጉ አናርካሊ የሚባለውን እዩ። ከደረት በታች እየሰፋ የሚወርድ ቀሚስ ነው፤ ወፍራምም ቀጭንም ያምርበታል።

ሳሪ ላይ ልባችሁ ካረፈ ግን ልበሱ። የሚያንሸራትት ጨርቅ አትምረጡ። ጫማችሁን መጀመሪያ አድርጉ፤ የሳሪው ቁመት የሚስተካከለው በጫማው ከፍታ ነው። አንድ መርፌ ቁልፍ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጥፋቱ ላይ ሰኩ። እጥፋቱ ቀድሞ የተሰፋለት፣ እንደ ጉርድ የሚጠለቅ ሳሪም ገበያ ላይ አለ።

«ነጭ ክልክል ስለሆነ የሐበሻ ቀሚስ አይታሰብም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች፣ በተለይ በሰሜን ህንድ፣ ጥለት የሌለው ሙሉ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። ለሰርግ አይለበስም። ነገር ግን ህንድ አንድ ወጥ አገር አይደለችም። ደቡብ ወርዳችሁ ኬራላ ብትሄዱ የክት ልብሱ ራሱ ክሬም መልክ ያለው፣ ዳሩ ወርቃማ የሆነ ጥጥ ነው። ካሳቩ ይሉታል። ለሰርግም ለበዓልም ይለብሱታል። እዚያው ኬራላ ያሉ ክርስቲያን ሙሽሮችም ነጭ ወይም ክሬም ይለብሳሉ።

ስለዚህ የሐበሻ ቀሚሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጥበቡ ሰፊና ባለ ቀለም ከሆነ፣ ወይም ቀሚሱ ራሱ በቀለም የተሠራ ከሆነ፣ ያምራል። ጥጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም። ከህንድ ወዳጆቻችን መካከል የእንግዳቸውን የአገር ልብስ ሲያዩ የሚደሰቱት ብዙ ናቸው። ብቻ ቀደም ብላችሁ ፎቶውን ለጠራችሁ ሰው ላኩና «ይህን ብለብስ ቅር ይላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙሽሪት የምትለብሰውን ቀለምም በዚያው ጠይቁ። በሰሜን ሙሽሪት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ስለምትለብስ፣ ከእግር እስከ ራስ ቀይ በወርቅ ለብሶ መሄድ ደስ አይልም። ሙሉ ጥቁር ደግሞ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች አይወዱትም።

«ሐር ካልሆነ ያሳፍራል»

ካንቺፑራም ወይም ባናራስ በሚባሉት ከተሞች የሚሠራው የሐር ሳሪ በእርግጥ ውብ ነው። ጥሩው በአሥር ሺህዎች ሩፒ ይሸጣል። ብዙ ሴቶችም ከእናታቸው የወረሱትን ነው የሚለብሱት። እንግዳ ያንን መከተል የለበትም። ሰው ሠራሽ ሐር የሚባለው፣ በብዛት ሱራት ከተማ የሚመረተው ጨርቅ፣ በማታ መብራት ከእውነተኛው ብዙም አይለይም። ዴልሂ ያላችሁ ሳሮጂኒ ናጋርና ቻንድኒ ቾውክ፣ ባንጋሎር ያላችሁ ኮሜርሻል ስትሪት የሚባሉትን ገበያዎች ዙሩ። ከ1000 ሩፒ በታች ጥሩ የጥጥ ኩርታ፣ ማለትም ረዘም ያለ ልቅ ሸሚዝ፣ ይገኛል። የመንገድ ሻጭ ጋ መከራከር አትፈሩ፤ የመጀመሪያው ዋጋ ለመከራከር የተጠራ ነው። ጌጡ ወርቅ ቅብ ይበቃል። ሌሄንጋ የሚባለው ባለ ጥልፍ ከባድ ሰፊ ጉርድ ካማራችሁ ደግሞ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ ተከራዩ እንጂ አትግዙ። ክብደቱ ራሱ ከአንድ ማታ በላይ አያስለብስም።

«ለየቀኑ አዲስ ልብስ ያስፈልጋል»

ሰርጉ ቀናት መፍጀቱ እውነት ነው። ልብስ ማብዛት ግን አያስፈልግም። ዋናው የቀኑን ሥራ ማወቅ ነው። በሃልዲ ዕለት ሙሽሮቹ እርድ ይቀባሉ፤ እንግዳውም ጋ መድረሱ አይቀርም። እርድ ደግሞ ከጨርቅ በቀላሉ አይለቅም። ለዚያ ቀን ያረጀ፣ ቢጫ ቢሆን የሚመረጥ፣ የጥጥ ልብስ ይበቃል። በመህንዲ ዕለት እጃችሁ ላይ ሂና ይሳላል፤ አጭር እጅጌ ልበሱ። ሳንጊት የጭፈራ ማታ ነው። ለዋናው ሰርግ የገዛችሁትን ኩርታ ሌላ ቀለም ዱፓታ ጣል አድርጋችሁበት ብትደግሙት ማንም አይታዘብም።

«ወንድ ሸርዋኒ ይለብሳል»

ሸርዋኒ የሚባለው በጥልፍ ያጌጠ ረዥም ኮት የሙሽራው ነው። ለእንግዳ ኩርታ ከሱሪው ጋር፣ ከላይ እጅጌ የሌለው የኔህሩ ጃኬት ከበቂ በላይ ነው። ለማታው ግብዣ ሙሉ ሱፍም ይሄዳል።

«ልብሳቸውን ብለብስ ይቀየማሉ» የሚል ፍርሃትም አለ። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ግንባር ላይ የምትለጠፈውን ቢንዲ ለጌጥ ማድረግ ይቻላል። ጸጉር መከፈያ ላይ የሚደረገው ቀይ ሲንዱርና ማንጋልሱትራ የሚባለው የአንገት ሐብል ግን ያገባች ሴት ምልክቶች ናቸው፤ እነሱን ተዉ።

«ህንድ ሞቃት ናት፣ ስስ ልብስ ይበቃል» የሚለው ደግሞ ሰው ያስበርዳል። በሰሜን ብዙ ሰርግ የሚደገሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የዴልሂ የጥር ሌሊት ከደጅ ሲያመሹበት ያንቀጠቅጣል። የሱፍ ሻል ያዙ።

«ታኮ ጫማ የግድ ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ስንቷ ቆንጆ ልጅ እግሯን ታማ ትመለሳለች። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ሰርግ ጉርድዋራ በሚባለው ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ከሆነ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ ወንድም ሴትም ራሱን ይሸፍናል፤ መሬት ላይ ይቀመጣል። ነጠላችሁ እዚህ ቦታ ሁነኛ ነው፤ ጠባብ ቀሚስ ግን ያስቸግራል። በሂንዱ ሰርግም የጋብቻ ሥርዓቱ እሳት ወዳለበት ድንኳን የሚጠጋ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ግብዣው ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ታኮ መሬት ውስጥ ይሰጥማል። ማሰሪያ የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ጁቲ የሚሉት ባለ ጥልፍ የቆዳ ጫማ በየገበያው በርካሽ ይገኛል፤ መጀመሪያ ላይ እግር ስለሚልጥ ከሰርጉ በፊት ቤት ውስጥ እየተራመዳችሁ አለስልሱት።